ጣት ሎሚዬ ሰባት ዓመት ሞላው፤ አበባ አላወጣም፤ አሁን ደግሞ ቅርንጫፎቹ ማበጥ ጀምረዋል

ዓለም ዘብሪዝበን

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ።

የምኖረው በአውስትራሊያ፣ በብሪዝበን ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአገሩ ሰዎች ፊንገር ላይም የሚሉትን ፍሬ ሰጥቶኝ ነበር፤ እኛ ቤት ስሙ ጣት ሎሚ ሆኖ ቀርቷል። ላላያችሁት ለመግለጽ ያህል፣ ፍሬው በርዝመቱም በቅርጹም የሰው ጣት ይመስላል፤ መኻል ለመኻል ቆርጠው ሲጫኑት እንደ ሌላው ሎሚ ጭማቂ በማፍሰስ ፈንታ እርስ በርሳቸው ያልተጣበቁ፣ የዓሣ እንቁላል የሚመስሉ ድብልብል የጭማቂ ከረጢቶች ይወጡለታል፤ እነዚህም በጥርስ መካከል አንድ በአንድ እየፈነዱ ስል የሆነ የሎሚ ጣዕም ይሰጣሉ። እናቴ ለጥየቃ መጥተው በነበረ ጊዜ መጀመሪያ ሲያዩት የዓሣ እንቁላል መስሏቸው፣ ጾም ላይ ነኝ ብለው ሳይቀምሱት ቀርተው ነበር።

ከፍሬው ውስጥ ያገኘኋቸውን ጥቂት ዘሮች በጣሳ ዘርቼ አንዱ ጸደቀልኝ። ችግኙ ጉልበቴን ሲደርስ ወደ ጓሮ አዛወርሁት። ተክሉ የዝናብ ደን ተክል መሆኑን አንብቤ ስለነበር ፀሐይ እንዳያገኘው በትልቁ ጃካራንዳ ሥር ተከልሁት። ዛሬ ቁመቱ ከእኔ ትከሻ ትንሽ ያልፋል፤ ቅጠሉ ጥቃቅንና አረንጓዴ ነው፤ ጤናማም ይመስላል። እሾሁ ግን ረጅምና ቀጭን ስለሆነ፣ ልጆቼም እዚያው ስለሚጫወቱ፣ በየዓመቱ በክረምቱ መጨረሻ ማለትም ወደ ኦገስት ላይ ከላይም ከጎንም እከረክመዋለሁ፤ ወዲያውም ሥሩ ላይ የዶሮ ፍግ አደርግለታለሁ። ወራቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ እዚህ ክረምት የሚባለው ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ጊዜ ነው።

እስካሁን አንድም አበባ አላየሁበትም። በዚህ ላይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ጉልበት መገጣጠሚያ ያበጠ ነገር ወጥቶበታል። አንድ የችግኝ ሻጭ ፎቶውን አይቶ «ይህ ካንሰር ነው፤ ነቅለህ አቃጥለው» አለኝ። ሰባት ዓመት የደከምሁበትን ተክል በአንድ ቃል ለመንቀል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ተክል ለምን አላፈራም? እብጠቱስ በእርግጥ የማይድን ነው?

አትክልተኛው ከሊዝሞር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ በሰሜናዊ ኒው ሳውዝ ዌልስ በሎሚና በማከዴሚያ እርሻዎች ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የእርስዎንም ዓይነት ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ስለ እብጠቱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንደሚመልስልዎ ተስፋ አድርጌ ስለ አበባው ብቻ እናገራለሁ።

በእኔ ግምት ተክልዎ ያላፈራው ስለታመመ አይደለም። በየዓመቱ ወደ ልጅነቱ ስለሚመልሱት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘር የበቀለ የብርቱካን፣ የመንደሪን ወይም የሎሚ ተክል አበባ ማውጣት የሚጀምረው ዕድሜው ሲደርስ ነው፤ ይህ ዕድሜ ግን የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በእንጨቱ ላይ ባሉት አንጓዎች ነው ማለት ይቻላል። ግንዱ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ሲያድግ ቅጠል በበቀለበት ቦታ ሁሉ አንድ አንጓ ይጨምራል፤ የአንጓው ቁጥር የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ጫፉ «ይጎለምሳል»፣ ከዚያም ወዲያ አበባ ለማውጣት የሚችለው ያ የጎለመሰው ክፍል ነው። ከሥር ያለው የግንዱ ክፍል ግን ተክሉ ሃምሳ ዓመት ቢሞላው እንኳ እንደ ሕፃን ይቀራል። በአንድ ዛፍ ላይ ሕፃንና ጎልማሳ አብረው ይኖራሉ፤ ሕፃኑ ከታች ነው፣ ጎልማሳው ከላይ። እንግዲህ እርስዎ በየኦገስቱ ከላይ ሲከረክሙት የሚያስወግዱት ለማበብ የተቃረበውን ጫፍ ሲሆን፣ በምትኩ የሚያቆጠቁጠው ከታች ያለው ሕፃን እንጨት ነው። እርስዎ ሰባት ዓመት ይቆጥራሉ፤ ተክሉ ግን ምናልባት ሦስት ዓመት እንኳ አልቆጠረም።

ለዚህ አንድ ምስክር አለዎት፤ እሱም እሾሁ ነው። የዚህ ተክል እሾህ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሊረዝም ይችላል፤ ረጃጅሙና ብዙው የሚገኘው ደግሞ በሕፃኑ እንጨት ላይ ነው። በሌላ አነጋገር እሾሁን ለመቀነስ ብለው በቆረጡት መጠን የባሰ እሾሃም ቅርንጫፍ ያበቅላል። ልጆችዎን ለመጠበቅ አጥር ቢያደርጉለት ይሻል ነበር።

ሳይቆረጥም ቢሆን ከዘር የበቀለ ጣት ሎሚ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለማፍራት ከዐሥር ዓመት በላይ የቆየ ተክል አይቻለሁ። ሲያፈራም እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ቀይ ፍሬ ከሰጠው ዘር አረንጓዴ ሊወጣ ይችላል፤ ትልቅ ከነበረው ትንሽ። ለዚህ ነው ለገበያ የሚያመርቱ ሰዎች ዘር የማይዘሩት። እነሱ የሚያደርጉት ካፈራ ዛፍ ላይ ቀንበጥ ወስደው በሌላ የሎሚ ዘመድ ችግኝ ግንድ ላይ ማጣበቅ ነው፤ ግራፍቲንግ የሚሉት ይህ ነው። ቀንበጡ ከጎልማሳው ክፍል የተወሰደ በመሆኑ ጉልምስናውን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህም በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ማፍራት ይጀምራል።

ምርጫዎ እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛው መቀስዎን አስቀምጠው መጠበቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ያደገውን ተክል እንደ መሠረት ተጠቅመው የጎለመሰ ቀንበጥ ማጣበቅ ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በማንኛውም በኩል ግን ወደ ሙሉ ፀሐይ እንዲወጣ ያድርጉት፤ በጃካራንዳ ሥር ሆኖ ብዙ አይጠብቁበት።

ሙሉዬ ከታምቦሪን

አትክልተኛው ስለ አንጓ የጻፉት በጣም ግሩም ነው፤ እኔም ተምሬበታለሁ። በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ምክንያቴን ለማስረዳት ተክሉ የመጣበትን ቦታ መግለጽ አለብኝ።

ጣት ሎሚ በተፈጥሮ የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድና በሰሜናዊ ኒው ሳውዝ ዌልስ ባለው ሞቃታማ የዝናብ ደን ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ከማወቁ በፊት በሌላ አገር አልበቀለም። የቡንጃሉንግ ሕዝብና ሌሎች የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ፍሬውን ከጥንት ጀምረው ይበሉት ነበር፤ በሳይንስ መጽሐፍ የተመዘገበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሆን መዝጋቢው ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ዋልተር ስዊንግል የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ከሎሚ ወገን ለይተው «ማይክሮሲትረስ» የሚል የራሱ ወገን አወጡለት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ዴቪድ ማበርሊ ወደ ሎሚዎቹ ቤት መለሱት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሎሚ ዘሮች የዘረ መል ጥናት እንደሚያሳየው የአውስትራሊያ ሎሚዎች ከእስያ ዘመዶቻቸው የተለዩት ከ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ታዲያ እኛ ከለመድነው ሎሚ ይህን ያህል የተለየ ቢሆን ምን ይደንቃል?

አትክልተኛው በሚኖሩበት በሊዝሞር ዙሪያ ቢግ ስክራብ የሚባል 75,000 ሄክታር የሚሆን ደን ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለግጦሽና ለእርሻ ሲባል ተመንጥሮ ዛሬ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጣት ሎሚው በዚያ ደን ውስጥ ከትላልቆቹ ዛፎች በታች ያለው ሁለተኛ ድርብ ነዋሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ከሁለት እስከ ስድስት ሜትር ይሆናል፤ አልፎ አልፎ ዐሥር ሜትር የሚደርስም አለ። አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይና ውሃ የማይቋጥር ነው፤ ላዩ ዘወትር በረገፈ ቅጠል ይሸፈናል።

ጥላ ውስጥ መኖሩ ጥላ ይወዳል ማለት ነው ብለን ልንሳሳት እንችላለን፤ እርስዎ ወንድሜ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ተክሉ ጥላን ይችላል እንጂ አይወድም። እኔ በምኖርበት ተራራ ላይ በጫካው ውስጥ ስሄድ ጥቅጥቅ ባለው ጥላ ውስጥ ያሉት ቀጫጭንና ፍሬ አልባ ናቸው፤ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት ወይም በጫካው ጠርዝ ላይ ያሉት ግን ሞላ ብለው ያፈራሉ። እስከዚህ ድረስ ከአትክልተኛው ጋር እንስማማለን። ነገር ግን የብሪዝበን ምዕራባዊ ዳርቻ ከባሕር ነፋስ የራቀና በበጋ እጅግ የሚሞቅ ነው። ለጋ ቅጠሉ በጃንዋሪ የከሰዓት ፀሐይ ይጠበሳል፤ ደረቅ ነፋስም ቅርንጫፉን ሲያወዛውዘው እሾሁ የራሱን ፍሬ እየቧጨረ ያቆስለዋል። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ በደንብ አግኝቶ የከሰዓቱ ትንሽ ቢጋረድለት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሰባት ዓመት የቆየን ተክል ነቅሎ ማዛወርም አደጋ አለው። ከዚያ ይልቅ የጃካራንዳውን የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች በምሥራቅ በኩል ከፍ አድርገው ቢያስቆርጡ ብርሃን ይገባለታል። ትልቅ ዛፍ ከመቁረጥዎ በፊት ግን የከተማውን ምክር ቤት ደንብ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ዛፎች ጥበቃ አላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ በታምቦሪን ተራራ አካባቢ ፍሬው ውጪውም ውስጡም የሚቀላ የጣት ሎሚ ዓይነት አለ። ዛሬ በገበያ የሚታዩት ቀያዮችና ሮዝማዎች ብዙዎቹ የእርሱ ደም ያለባቸው ናቸው። ይሁንና ማንም ሰው ወደ ብሔራዊ ፓርክ ገብቶ ዘር ወይም ቀንበጥ እንዳይወስድ አደራ እላለሁ፤ ያለ ፈቃድ መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሰናይት የሰብል ጥበቃ

ለእብጠቱ እኔ ልመልስ፤ ሙያዬ ስለሆነ። «ካንሰር» የሚለው ቃል ተክሉንም ባለቤቱንም በከንቱ ያስደነግጣል። እርስዎ የገለጹት ምልክት የሎሚ አባጭ ተርብ የምንላት ትንሽ ነፍሳት የምታመጣው ነው። እንደ ተራ ተርብ አትናደፍም፤ ርዝመቷ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰው አያስተውላትም፤ ቀለሟ ጥቁር ነው።

የሚገርመው ይህች ተርብ ከውጭ የመጣች ተባይ አለመሆኗ ነው። የዚህችው የኩዊንስላንድና የሰሜናዊ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተወላጅ ስትሆን የጥንት ቤቷም ይኸው ጣት ሎሚ ነበር። ሰዎች ብርቱካንና ሎሚ ከባሕር ማዶ አምጥተው ሲተክሉ አዲስ ማዕድ ቀረበላትና በችግኝና በቅርንጫፍ እየተጓዘች ወደ ደቡብ እስከ ቪክቶሪያ ድረስ ተዛመተች። ስለዚህ በእርስዎ ጓሮ የሆነው ከጥንት ጀምሮ የሚተዋወቁ ሁለት ጎረቤቶች መገናኘታቸው ነው። ጣት ሎሚ በእርሷ ብቻ ብዙውን ጊዜ አይሞትም፤ ብዙ እብጠት ያለበት ቅርንጫፍ ግን ደክሞ ይደርቃል።

አኗኗሯን ካወቁ መፍትሔው ቀላል ነው። በዓመት የምትራባው አንድ ጊዜ ነው። በጸደይ፣ በኩዊንስላንድ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ከእብጠቱ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ አበጅታ ትወጣለች፤ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለምትኖር ወዲያው ለጋ ቀንበጥ ፈልጋ ከልጡ ሥር እንቁላሏን ታኖራለች። እጮቹ በእንጨቱ ውስጥ ሲያድጉ ተክሉ በዙሪያቸው ሥጋ ያበቅላል፤ ወደ ዲሴምበር እብጠቱ ለዓይን መታየት ይጀምራል፣ እስከሚቀጥለው ክረምትም ድረስ እየወፈረ ይሄዳል።

አሁን የእርስዎን ልማድ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በኦገስት ይቆርጡታል፤ መቁረጥ ለጋ ቀንበጥ ያስወጣል። በዚያው ሰሞን የዶሮ ፍግ ያደርጉለታል፤ ፍጉ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ቀንበጡን የባሰ ያለመልመዋል። ከዚያ ተርቧ በሴፕቴምበር ስትወጣ ገበታው ተዘርግቶ ይጠብቃታል። አትክልተኛው የተናገሩት የልጅነት ችግርና ይህ የእብጠት ችግር አንድ ምንጭ አላቸው።

በተለምዶ የምንመክረው እብጠት ያለበትን ቅርንጫፍ ከኦገስት ማለቂያ በፊት ቆርጦ ማስወገድ ነው። ለእርስዎ ተክል ግን ይህን አልመክርም፤ ቆረጣው እንደገና ወደ ሕፃንነት ይመልሰዋልና። በምትኩ ድንች መላጫ ወይም ስለታም ቢላዋ ይዘው በጁላይ ገደማ እብጠቱን በአንድ ጎኑ በስሱ ይላጡት፤ እጮቹ አየር ሲያገኛቸው ደርቀው ይሞታሉ፤ ቁስሉም ይድናል። እብጠት በእብጠት ላይ ተደራርቦበት የደከመ ቅርንጫፍ ካለ እሱን ብቻ ይቁረጡ። የቆረጡትን መሬት ላይ አይተዉት፤ በተቆረጠ እንጨት ውስጥም ቢሆን እጮቹ አድገው ሊወጡ ስለሚችሉ በላስቲክ ከረጢት አስረው ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት።

ከመላጥዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይመልከቱ። እብጠቱ ላይ በመርፌ የተበሳሳ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ካሉ ተርቦቹ ወጥተው ሄደዋል፤ ያን ቢላጡት ትርፉ ድካም ነው። በእጮቹ ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ሌሎች ጥቃቅን ተርቦችም አሉ፤ የእኛ ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ በየወሩ ፀረ ተባይ መርጨት ወዳጅን ከጠላት አብሮ መፍጀት ነው። ቢጫ ማጣበቂያ ወጥመድም እንደዚሁ ሁለቱንም ይይዛል።

በነገራችን ላይ በቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ካዩ አይደንግጡ። ትልቁ የብርቱካን ቢራቢሮ እዚያ ላይ ትወልዳለች፤ ትሉን ሲነኩት ከራሱ ላይ ቀይ ቀንድ አውጥቶ የሎሚ ሽታ ይለቅቃል። ያደገ ተክል ጥቂት ቅጠል ቢበላበት ምንም አይሆንም። እኔ ልጆቼን ሳሳያቸው ከቴሌቪዥን ይበልጥባቸዋል።

የጅማው ገበሬ

ይህን ውይይት ከኢትዮጵያ ሆኜ በጉጉት ሳነብ ቆየሁ። በእኛ አካባቢም ዝናብ አለ፣ ቀይ አፈር አለ፣ የቡና ጥላ አለ፤ ተክሉ የሚስማማው ይመስለኛል። ወንድማችን ዓለም ሲያፈራላቸው ጥቂት ዘር ወይም አንድ ቀንበጥ በፖስታ ቢልኩልኝ ወጪውን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።

ሰናይት የሰብል ጥበቃ

ወንድሜ፣ ፍላጎትዎን እረዳለሁ፤ በፖስታ እንዲላክልዎ ግን ፈጽሞ አልመክርም። የሎሚ ዘመድ የሆነ ተክል ሁሉ በዓለም ላይ በጥብቅ የሚጠበቅበት ምክንያት አለ። አረንጓዴ ቀሪ ወይም ግሪኒንግ የሚባለው የሎሚና የብርቱካን በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ናቸው፤ በተያዘ ቀንበጥም ይዛመታል። በሽታው ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። አውስትራሊያ እስካሁን ከዚህ በሽታ ነጻ ናት፤ በኢትዮጵያ ግን የአፍሪካው ዓይነት ቀድሞ የሚታወቅ ሲሆን፣ የባሰው የእስያው ዓይነትም እንደተገኘ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘግቧል።

ጣት ሎሚ ለዚህ በሽታ ከብርቱካን የተሻለ ቻይነት አለው። እንዲያውም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የሚሠሩት ሃይሊንግ ጂንና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ተክል ያገኙትን ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ዓይነት) የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ነገር ግን በሽታን የሚችል ተክል ጤነኛ መስሎ በሽታውን ሊሸከም ስለሚችል ቻይነቱ ራሱ ለጥንቃቄ ምክንያት ነው። ተክሉን በሕጋዊ መንገድ ማስገባት ከፈለጉ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ቀንበጥ ሳይሆን በአግባቡ የተመረመረ ዘር ይሻላል፤ ለማፍራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ግን ከላይ አንብበዋል።

ዓለም ዘብሪዝበን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት መነጽር አድርጌ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከአሮጌዎቹ እብጠቶች አብዛኞቹ ላይ ወይዘሮ ሰናይት የገለጿቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ድፍን የሆኑት አምስት ብቻ ናቸው፤ እነሱን በመላጫ ላጥኋቸው፤ ውስጣቸው ነጫጭ እጮች ነበሩ። ስለ እሾሁም አትክልተኛው እውነት ተናግረዋል፤ ያልቆረጥሁት አንድ የጀርባ ቅርንጫፍ ነበር፣ ጫፉ ላይ ያለው እሾህ ከሌላው በግማሽ ያጥራል። መቀሱን አስቀምጫለሁ፤ ለልጆቹም ዝቅ ያለ የሽቦ አጥር አጥሬላቸዋለሁ። አፈሩ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ውሃውን ያሰርጋል።

ቀንበጥ የማጣበቁን ሥራ ራሴ ልሞክረው አስቤአለሁ። መቼና እንዴት ቢሆን ይሻላል? ሌላው ደግሞ፣ አንድ ወዳጄ ከዛፉ ላይ ቀጥፎ የሰጠኝን አረንጓዴ ፍሬ እስኪበስል ብዬ በመስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ባቆየው ደርቆ ቀረ። ምን አጥፍቼ ነው?

አትክልተኛው ከሊዝሞር

ያ አንድ ቅርንጫፍ በጣም ጥሩ ዜና ነው። እሱን እንዳይነኩት፤ አበባ ካዩ መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ ላይ ነው፤ ትንሽ ነጭ አበባ ስለሆነች በቅጠሉ መካከል ልታመልጥዎ ትችላለች።

ቀንበጥ ማጣበቅን በተመለከተ፣ ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ የሚላቀቀው ሙቀት ባለበት ወቅት ነው። ብዙ ሰው በጸደይ ይሠራዋል። እኔ ግን በእርስዎ ግቢ ተርብ ስላለ ከፌብሩዋሪ ማለቂያ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የተርቧ ወቅት አልፏል፣ ሙቀቱም ገና አልቀዘቀዘም። ቀንበጡን ከመንገድ ላይ ዛፍ አይውሰዱ። እዚህ አገር ኦስሲትረስ የሚባል ከበሽታ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ የሎሚ ቀንበጥና ዘር የሚያቀርብ ድርጅት አለ፤ የታወቁ ችግኝ ቤቶችም የሚጠቀሙት ከዚያ የመጣውን ነው። ውስጡ ሮዝ የሆነ ከፈለጉ ሬይንፎረስት ፐርል የሚባለው ዓይነት ይስማማዎታል።

የጣት ሎሚ ቀንበጥ ከእርሳስ ይቀጥናል፤ ስለዚህ በብርቱካን እንደሚደረገው አንድ ቡቃያ ብቻ ገልጦ ከልጥ ሥር ማስገባት ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። የሚሻለው ውፍረቱ ከቀንበጡ ጋር የሚመሳሰል የእርስዎን ተክል ቅርንጫፍ መርጦ ቆርጦ መኻሉን መሰንጠቅ፣ የቀንበጡን ታች እንደ ሽብልቅ በሁለት ወገን መሳል፣ ከዚያም የሁለቱ ልጥ ቢያንስ በአንድ ጎን እንዲገጥም አድርጎ ማስገባት ነው። አረንጓዴው ሥሥ ሽፋን ከአረንጓዴው ሽፋን ጋር ካልተነካካ አይያያዝም፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በግራፍት ላስቲክ አጥብቀው ይጠቅልሉት፣ በላዩም ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ሸፍነው እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ከቀጥታ ፀሐይ ይጋርዱት። ቢላዋውን በአልኮል ይጥረጉ። በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ይሥሩ፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም አንዳንዱ ይከሽፍብኛል። ቅርንጫፉን ሁሉ ግን አይቁረጡ፤ ሥሩን የሚመግብ ቅጠል መቅረት አለበት። በሚቀጥለው ሴፕቴምበር የያዘው ቀንበጥ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ በደቃቅ መረብ ሸፍነው ከተርቧ ያድኑት። ፍጉንም ወደ ዲሴምበር ያሸጋግሩት፤ መጠኑንም ይቀንሱ፤ ተክሉ በደን ውስጥ የለመደው የረገፈ ቅጠል ስለሆነ ከፍግ ይልቅ ጉዝጓዝ ይጠቅመዋል።

ስለ ፍሬው ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የቀጠፈው ሰው ነው። ጣት ሎሚ እንደ ሙዝ ወይም እንደ አቮካዶ ከተቀጠፈ በኋላ አይበስልም። ሳይደርስ ከተቀጠፈ ከረጢቶቹ እንደ ደረቁ ይቀራሉ። በቀለሙም አይታመኑ፤ በደንብ በስሎም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ዓይነት አለ፣ ገና ጥሬ ሳለ የሚጠቁርም አለ። የእኔ መለኪያ እጅ ነው፦ ወፍራም ጓንት አድርጌ ፍሬውን በሁለት ጣት ይዤ በቀስታ ጠምዘዝ አደርገዋለሁ፤ የደረሰ ከሆነ ምንም ሳይታገል ይለቅቃል፤ ከጎተተኝ ለሚቀጥለው ሳምንት እተወዋለሁ። ከማርች እስከ ጁን ባለው ጊዜ በየሳምንቱ እንዲህ እያልሁ እዞራለሁ። የተረፈውን ሳይቆረጥ እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በረዶ ሆኖም ከረጢቶቹ አይፈርሱም፤ ሲፈልጉ አውጥተው ትንሽ ከለቀቀ በኋላ ቆርጠው ይጨምቁታል። ምግብ ላይ የሚያደርጉትም እሳት ላይ ሳለ ሳይሆን ከወረደ በኋላ ይሁን፤ ሙቀት ካገኘው ከረጢቱ ፈንድቶ ተራ የሎሚ ጭማቂ ይሆንብዎታል።